አከራዬ ወንዛዬ ያረፉ ጊዜ

ወረታ ውስጥ «አረፈ» የሚለውን ቃል የምንሸሽ የአንድ ሰፈር ሰዎች አለን። እንግዳ ቤታችን ቢያድር «አደረ» እንላለን። የደከመው ሰው ቢቀመጥ «ተቀመጠ» እንላለን። ወፍ እንኳ ዛፍ ላይ ብታርፍ «ቆመች» ማለት ይቀለናል። የሚስቅብን ይሳቅ፤ የደረሰብንን የምናውቀው እኛ ነን።

ነገሩ የጀመረው ከአከራዬ ጉልበት ነው። እኔ ወረታ ላይ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ የምኖረው ደግሞ አንዲት ጥቁር ለባሽ አሮጊት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ሌላው ተከራይ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሥራው ሩዝ፣ ጨዋታውም ሩዝ። አከራያችንን እማማ እንላቸዋለን። ባላቸው ሞተው በሐዘን ወደ ወረታ ከመጡ ጀምሮ ከጥቁር ልብስ አልወጡም። በዚያ ዓመት ሐሳባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ቆብ ደፍተው መመንኮስ። የንስሐ አባታቸውም ተስማምተዋል። ባል የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ ጸሎቷን የማታስታጉል ሴት ምን ይከለክላታል? የከለከላቸው ጉልበታቸው ነበር። አንዴ ለስግደት ከወረዱ የሚያነሳቸው ሰው ይፈልጋሉ። «ቆቡን ደፍቼ ስግደቱን ተቀምጬ ልስገደው?» እያሉ ሲነጫነጩብን ከረሙ።

የሟቹን ባል ታሪክ ሰፈርተኛው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። በየዓመቱ ሙት ዓመታቸው ይዘከራል፤ እኔም ሽንኩርት እየላጥኩ እሰማለሁ። ግቢው የገባሁ ዓመት ሰውየው የሞቱት በወባ ነበር። በዓመቱ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ወሰዳቸው። ቀጥሎ ወንዙ የወሰዳቸው ጎርፍ የከበበውን የጎረቤት በሬ ሊያወጡ ገብተው ሆነ። አምና ደግሞ በሬው ከነጥማዱ ነበር። ግራ ቢገባኝም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ጠላው ጥሩ ነበር፣ ሟቹም በየዓመቱ ደግነታቸው እየጨመረ ነበር የሚሄደው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ የማበላሸው?

ሌላም ግራ የሚገባኝ ነገር ነበር። እማማ የአንበሳሜ አገር ሰው ነኝ ይላሉ፤ ወደዚያ ግን ለሰርግም ለለቅሶም ድርሽ አይሉም። ገበያ ላይ ከዚያ ወገን የመጣ ነጋዴ ካዩ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይከናነባሉ፤ ቲማቲም የሚሸጥላቸውን ሰው እንደ ቀማኛ ነው የሚሸሹት። ወንዛዬ ፍል ውሃ ደግሞ ያለው በዚያው በአንበሳሜ በኩል ነው። ለዚህም ይመስለኛል ሰው ሁሉ «ይሂዱ፣ ጉልበትዎ ይፈታል» ሲላቸው ስንት ዓመት እምቢ ያሉት። ለቆቡ ሲሉ ግን እሺ አሉ። የሩዝ አጨዳው ተጋምሶ ከተማው በገለባ አቧራ በነጣበት ሰሞን፣ ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር ስንቃቸውን ቋጥረው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤትየዋ ለሩዝ ባለሙያው ደወለች። ወንዛዬ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነው፤ እሱም ነፋሱ ከፈቀደ። ኋላ እንደተጣራው ያለችው «እማማ ደህና ገብተው፣ ጥሩ ቤት ተሰጥቷቸው አርፈዋል፤ አታስቡ» ነበር። እሱ ጆሮ የደረሰው «እማማ» እና «አርፈዋል» ብቻ ነው። ትልቅ ሰው አረፉ ከተባለ ደግሞ አለቀ፤ ቤት አግኝተው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባለሙያው ሱሪውን በአንድ እግሩ እንዳጠለቀ ግቢው መሀል ቆሞ ጮኸ። እኔም ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ጮኽኩ። ወደ ጎረቤትየዋ መልሰን ስንደውል አንዲት ለስላሳ ድምፅ ደንበኛዋ ጥሪ መቀበል እንደማይችሉ ነገረችን።

የእድራችን ዳኛ ይህንኑ እንደ ማረጋገጫ ወሰዱት። «በቃ፣ እያለቀሰች ነው፤ በምን አንደበቷ ታንሳው?» አሉ። ዳኛው የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ያላቸው ሰው ናቸው። ችኩል ናቸው፣ ለቅሶ ማደራጀት ደግሞ ይወዳሉ። እኛ እንባችንን ሳንጠርግ ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ። ሬሳ የምታመጣ ፒካፕ ሳጥን ተጭኖባት ወደ ወንዛዬ ሄደች። ለዘመድ እንዲያረዳ አንድ ባለሞተር ወደ አንበሳሜ ተላከ፤ ዘመድ መኖሩን እንኳ በውል አናውቅም ነበር። እኔም የመታወቂያቸውን ፎቶ አሳድጌ አተምኩ። መታወቂያ ላይ ሰው ሁሉ የተቆጣ ይመስላል፤ እማማ ግን የምር ተቆጥተው ነበር የተነሱት። ፎቶው ድንኳኑ ደጃፍ ሲሰቀል ለቀስተኛው ሁሉ እንዳረፈደ ተማሪ አንገቱን እየደፋ መግባት ጀመረ።

ሬሳው ግን ቀረ። ዋለ፤ አደረም። የሾፌሩም ስልክ አይሠራም። ሬሳ የሌለው ለቅሶ እንዴት አድካሚ መሰላችሁ! ማቆም ያሳፍራል፣ መቀጠል ጉሮሮ ይጨርሳል። አልቃሿ የእማማን ደግነት ጨርሳ ወደ ባላቸው ተሻገረች። በሬ ሊያወጣ ገብቶ የቀረው ጀግና ዛሬ ሚስቱን በሰማይ ደጅ ቆሞ ይቀበላል እያለች እርጥብ ዓይን ያልነበራቸውን ወንዶች ሳይቀር አስለቀሰች። የሩዝ ባለሙያው ያን ባል አንድም ቀን ሳያያቸው ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአንበሳሜ ከመጣ ሚኒባስ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወረዱ። ደጃፉ ላይ ቆመው ፎቶውን አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን ወርውረው፣ ደረታቸውን እየደቁ «ሚስቴን! ኧረ ሚስቴን!» እያሉ ድንኳኑ መሀል ገቡ።

አልቃሿ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ንፍሮ የሚያድለውም ሰው ጭልፋውን አየር ላይ እንደያዘ ቆመ።

ዳኛው በትሕትና ጠጋ አሉ። «አባቴ፣ ለቅሶ ተሳስተው እንዳይሆን? ከመናኸሪያው ጀርባ ሌላ ድንኳን አለ።»

«አልተሳሳትሁም። ይች ሚስቴ ናት።»

«የእሳቸው ባለቤት ሞተዋል እኮ!»

«ማነው የሞተ?»

«ባላቸው ናቸዋ። ጉማራ ወስዷቸው።»

ሽማግሌው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «እኔን?» አሉ። «ኧረ እኔ ውሃ እፈራለሁ። ጉማራን በድልድይ ስሻገር እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

ዳኛው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «ወራሽ እንደሌለ ሰምቶ ቤቱን ሊወስድ የመጣ ነው» አሉኝ። ይቺ ወሬ ከአንዱ አግዳሚ ወንበር ወደ ሌላው ስትዘዋወር ለቅሶው ቀርቶ ሁሉም መርማሪ ሆነ። አንዷ ሴት የእማማ ግራ እጅ ላይ ምን ምልክት እንዳለ ጠየቀች። ሽማግሌው የቃጠሎ ጠባሳ አሉ። ልክ ነበሩ። ዳኛው «እሱንማ ፎቶው ላይ አይተው ነው» አሉ፤ ፎቶው ከአንገት በላይ ነው። የሩዝ ባለሙያው የጋብቻ ማስረጃ ጠየቀ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው ተቀመጠ። ሌላዋ ደግሞ «እሽ፣ እማማ ሲተኙ ያንኮራፋሉ ወይ?» አለች።

ሽማግሌው መልስ ለመስጠት አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። «እሱን አልናገርም። ብትሰማኝ ትገድለኛለች» አሉና እንደገና ማልቀስ ጀመሩ። «ሙታ እንኳ እፈራታለሁ።»

ይኼ መልስ ብዙዎቻችንን አሳመነ።

ነገሩን የቋጩት ግን የእማማ የንስሐ አባት ናቸው። እስከዚያ ድረስ ከጥግ ሆነው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ተነሥተው ሽማግሌውን ጠጋ አሉና «የክርስትና ስምዎ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የክርስትና ስም እንደ መጠሪያ ስም በየገበያው አይጠራም፤ የሚያውቁት ቄሱና የቤት ሰው ናቸው። ሽማግሌው በጆሯቸው ነገሯቸው። ቄሱም ወንበር ፈለጉ።

«በዚህ ስም» አሉ ከተቀመጡ በኋላ፣ «ስንት ዓመት ሙሉ ፍትሐት ሳደርስ ኑሬያለሁ። ነፍሱን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን እያልሁ።»

«የኔን ነፍስ?»

«የእርስዎን።»

«እንዲያው ነው ለካስ ጉንፋን እንኳ የማይደፍረኝ!» አሉ ሽማግሌው፤ ተነሥተውም የቄሱን መስቀል ተሳለሙ።

ሰው የቱን ይመን? ሟች የተባሉት ባል በሕይወት መጥተው ለሟች ሚስታቸው ንፍሮ ይዘግናሉ። አልቃሿ ትናንት ያለቀሰችላቸውን እንባ ልታስመልስ የፈለገች ይመስል አፍጥጣ ታያቸዋለች። በዚህ መሀል ፒካፗ ደረሰች። ሬሳው መጣ ብሎ ድንኳኑ በሙሉ እየጮኸ ወጣ።

እማማ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል። ፊታቸው ከፎቶው ብሶ ተቆጥቷል። ከኋላ ጎረቤትየዋ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ ስንቁን አቅፋለች።

ለካ ሾፌሩ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ወንዛዬ የደረሰው ሊመሽ ሲል ነው። ሳጥኑን አውርዶ የሟቿን ቦታ ሲጠይቅ «ውሃ ውስጥ ናቸው» አሉት። እማማም ነገሩን ሲሰሙ «የመጣሁበትን ሳልጨርስ ወዴትም አልሄድም» አሉ። ጎረቤትየዋ ልትደውልልን ድንጋዩ ላይ ብትወጣም ነፋሱ አልፈቀደላትም። ስለዚህ ሬሳ ሊያነሳ የሄደው ሾፌር፣ ሬሳው ታጥቦ እስኪጨርስ ሲጠብቅ አድሮ ረፈደበት። ሳጥኑን ያዩ ታጣቢዎች ደግሞ ውሃው ሰው የሚገድል መስሏቸው ግማሾቹ በዚያው ተመልሰዋል።

ለቀስተኛው እማማን ሲያይ የሆነውን አልዘረዝርም። የሩዝ ባለሙያው በአጥር ዘለለ ብል ይበቃል። እማማ ማንም ሳይደግፋቸው ከመኪናው ወረዱ። ጉልበታቸው ድኖ ነበር፤ ያንን ልብ የሚል ሰው ግን አልተገኘም። መጀመሪያ ፎቶው ፊት ቆሙ።

«ይችን ያተመ ማነው?» አሉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ቀና ሲሉ ሽማግሌውን አዩ። «አንተ ሙተሀል» አሏቸው።

«አንችስ?» አሉ ሽማግሌው።

ቄሱ ሁለቱንም አስቀመጡና «ልጄ፣ ባለቤትሽ ናቸው?» ብለው ጠየቁ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። መዋሸት ቢችሉ ኖሮ የዋሹ ነበር፤ ግን የንስሐ አባት ፊት ነበሩ።

«ነው፣ አባ። አልሞተም። ጥሎኝ ሄዶ ሌላ አገባ። ታዲያ ምን ልበል ኑሯል? ጥሏት የሄደ ሲባል ሰው ይጠቋቆማል፤ የሞተባት ሲባል ግን ተነሥቶ ወንበር ይለቅላታል። እኔም ወንበሩ ይሻለኛል ብዬ ገደልሁት። የገደልሁት በክብር ነው ታዲያ! በየዓመቱ ሞቱን አሳመርሁለት። እሱ እኮ እንኳን ከጎርፍ፣ ከበረት በሬ አውጥቶ አያውቅም።»

«እኔ በሬ አወጣሁ?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«ከነጥማዱ» አልኳቸው። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ቄሱ ግን ደስ አላላቸውም። «እንግዲህ ባልሽ በሕይወት ካሉ ነገሩ ሌላ ነው» አሉ። «እሳቸው ፈቃድ ካልሰጡ ቆቡን ላጠልቅልሽ አልችልም።» እማማን ሲቆጡ፣ ሲነጫነጩ፣ ሲያዙ አይቻቸዋለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ፊታቸው ሲጠፋ ግን አይቼ አላውቅም። ቆቡን ገዝተው ሳጥናቸው ውስጥ እንዳስቀመጡት ግቢው ውስጥ የማያውቅ የለም።

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሽማግሌውም ጋቢያቸውን አጣፉና «አልፈቅድም» አሉ። «ላለቅስባት መጥቼ እግዜር ከነነፍሷ ሰጠኝ። ያችኛዋም ሚስቴ ከሞተች ከረመች፤ ቤቴ ኦና ነው። ነይ፣ ተነሽ እንሂድ።»

የሰው ነገር! ሌሊቱን በለቅሶ ልቡ የለሰለሰ ሕዝብ ስለሆነ አንድም ሳይቀር ለሽማግሌው አደላ። «ታረቂው»፣ «እግዜር ሲያገናኝ እምቢ አይባልም»፣ «ምን አለበት፣ የስተርጅና ጧሪ ነው» እያሉ ሴቶቹ ከበቧቸው። አልቃሿ ዜማዋን ወደ ሰርግ ልታዞር ጉሮሮዋን ጠረገች። ዳኛው ዓይናቸው በርቶ «ድንኳን አለ፣ ሰው አለ፣ ወንበር አለ፤ እኛ የምንቀይረው ንፍሮውን ብቻ ነው!» አሉ። አንዷ እልል አለች።

ያን ጊዜ ሰፈሩን በሙሉ ጠላሁት፤ አልደብቅም። ሴትዮዋ ከሞት ተመልሰው እንኳ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ የሚላቸው ሰው ጠፋ። እኔም ብሆን አላልኳቸውም፤ ከእልልታው በላይ የሚሰማ ድምፅ አልነበረኝም።

እማማ እጃቸውን አነሱ፤ ጸጥ አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሏቸው ሽማግሌውን። «ያን ቀን ላሚቱ ጠፋች፣ ፈልጌ ልምጣ ብለህ ወጣህ። ለምን አልተመለስህም?»

«አጣኋታ!» አሉ ሽማግሌው፣ ነገሩ ትናንት የሆነ ይመስል። «የፎገራን ሜዳ አካለልሁት። ረግረጉን አየሁ፣ የወንዙን ዳር አየሁ፣ የሰው በረት ሁሉ አየሁ። የለችም። አባትሽ የሰጡን ላም ናት፤ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልግባ? ዛሬ አገኛታለሁ፣ ነገ አገኛታለሁ ስል ሰው ቤት አደርሁ። ሰነበትሁ። ሲሰነብት ደግሞ ላሚቱን ባገኛት እንኳ እስከ አሁን የት ነበርህ ማለትሽ አይቀርም ብዬ ፈራሁ። አንች አገሩን እስክትለቂ በዚያው ቀረሁ።»



«ላሚቱማ» አሉ እማማ፣ «በማግስቱ ራሷ መጣች።»

ንፍሮ የሚያድለው ሰው ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መለሰ።

«እሷ ስትገባ አንተም ከኋላዋ የምትመጣ መሰለኝ። በረቱን ክፍት ትቼ፣ ደጁ ላይ ቁሜ ቀረሁ። ያን ዕለት ብቻም አይደለ፣ ክረምቱን ሙሉ።»

ሽማግሌው ባዶው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እልል ያለችው ሴት ፊቷን የምታደርግበት አጥታ የድንኳኑን ምሰሶ ታያለች። በመጨረሻ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ «አባ» አሉ ቄሱን። «ፈቅጃለሁ።»

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት የእማማ ቀን ደረሰ። ለማያውቅ ልንገር፤ ሰው ሲመነኩስ ለዚህ ዓለም ሞተ ተብሎ ፍትሐት ይደርስበታል። ጨርቅ ለብሶ እንደ ሬሳ ተጋድሞ፣ ለሙት የሚጸለየው ጸሎት በላዩ ይጸለያል። የእድራችን ዳኛ ይህን ሲሰሙ እድሩ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይወጣል ወይስ አይወጣም ብለው ስብሰባ ጠርተው ነበር። ሳይስማሙ ሁሉም መጣ። የሩዝ ባለሙያው እንኳ ነጠላ ተውሶ መጣ።

ሽማግሌውም ከአንበሳሜ መጥተዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አጥር ሥር ለብቻቸው ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ያለቅሳሉ። የዚያን ቀን እንደነበረው ደረት መድቃት የለም፣ ድምፅም የለም። አላስችል ብሎኝ ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«አባቴ፣ በቃዎት። አልሞቱም እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ያኔ ሙታብኝ ነው ያለቀስሁ። ዛሬ ግን ሰጥቻት ነው።»

ጸሎቱ ሲያበቃ እማማ ከተጋደሙበት ማንም ሳይይዛቸው ተነሱ። ቆቡ ልካቸው ነበር። ሰው ሊሳለማቸው ሲሻማ እሳቸው እያለፉት ወደ ግንቡ መጡና ሽማግሌው ፊት ቆሙ። ሲቆጡ አንተ፣ ሲያሟቸው እሱ ይሏቸው የነበሩትን ሰው ያን ዕለት አንቱ አሏቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሏቸው፣ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

«አሜን» አሉ።